ከአእምሮ ሕክምና የተመለሰ ሠራተኛን ወደ ላይኑ (ወደ ማምረቻ መስመሩ) ለመመለስ ከምን እንጀምር?

ገላን ኤችአር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ባለ የብስኩትና የፓስታ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። 380 ገደማ ሠራተኛ አለን፣ ሥራው በሦስት ሺፍት ይሄዳል፣ አብዛኛው ሰው ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂና ከዱከም በሰርቪስ ይመጣል። ግቢ ውስጥ አንዲት ነርስ ያለችበት ክሊኒክ አለን።

ማሸጊያ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ሰባት ሳምንት በሕመም ፈቃድ ቆይቶ ሰኞ ይመለሳል። ያመጣው ወረቀት ራስጌው ላይ የሆስፒታሉ ስም ስላለ ከጥበቃ እስከ ታይም ኪፐር (የሰዓት ተቆጣጣሪው) ያላነበበው የለም። ሱፐርቫይዘሩ «ማሽን ላይ አላስቀምጠውም» ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ድኗል የሚል ወረቀት ካላመጣ አይገባም» ይላሉ። ሰርቪስ ላይ አጠገቡ ላለመቀመጥ የተነጋገሩ ልጆች እንዳሉም ሰምተናል። ፋይናንስ የሰባቱን ሳምንት ደመወዝ እንዴት እንደሚያሰላ ግራ ገብቶታል።

በዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁ የአእምሮ ጤና ቀን እናክብር፣ ቲሸርት እናሳትም፣ ሁሉም ሠራተኛ የድባቴ መጠይቅ ይሙላ እያሉ ነው። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። ግን ከሰኞ በፊት የሚቀድመው የቱ ነው? ሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ቲሸርቱ ይቆይ፣ ከወረቀቱ ጀምሩ። መገለሉ ሰርቪስ ላይ አልተጀመረም፤ ወረቀቱ በር ላይ በተነበበበት ሰዓት ነው የተጀመረው።

ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የሕክምና ወረቀት በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለክሊኒኳ ነርስ ይሰጥ። እሷ አይታው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሕመም ፈቃድ ላይ ነው» የሚል የውስጥ ቅጽ ትሙላ። ታይም ኪፐር፣ ሱፐርቫይዘርና ፋይናንስ የሚያዩት ይህን ቅጽ ብቻ ይሁን። ዋናው ወረቀት ክሊኒኩ ውስጥ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ፖስታውን ለአእምሮ ሕክምና ብቻ ካደረጋችሁት ፖስታ ይዞ የገባ ሁሉ ይታወቃል። የታይፎይዱም የስብራቱም ወረቀት በዚያው መንገድ ይሂድ።

«ሙሉ በሙሉ ድኗል» የሚል ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም ብዙ አታገኙም፣ ቢጽፍም አትመኑት። የደም ግፊት ላለበት ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ማሸጊያ ላይ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፣ ስለዚህ ግማሽ ገጽ ጻፉለት፦ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚሠራ፣ የሚንቀሳቀስ ስለት ወይም የሚያሽግ የጋለ ብረት አጠገቡ እንዳለ፣ የሌሊት ሺፍት በስንት ቀን እንደሚዞር፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ። ከሥሩ ጥያቄዎቹን አስከትሉ። ከመቼ ጀምሮ መሥራት ይችላል? ለጊዜው የሚከለከለው ሥራ ወይም ሺፍት አለ? ክልከላው እስከ መቼ ነው? የሚወስደው መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? የበሽታው ስም አይጠየቅም። ደብዳቤው የሚላከውም ልጁ አንብቦ ከፈረመበት በኋላ ነው።

አመላለሱ ደረጃ በደረጃ ይሁን። ሐኪሙ ሌላ ካላለ ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን፣ ለሁለተኛው ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ ሙሉ ቀን፣ ሁሉም የጠዋት ሺፍት ላይ። ኦቨርታይም ቢያንስ ለአንድ ወር የለም። የሌሊት ሺፍት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆይ። በተለይ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ሕመሙ ሊነሳበት ስለሚችል ይህ እንደ ቅንጦት አይታይ። የእነዚያን ሳምንታት ደመወዝ አትቁረጡ። ከቆረጣችሁ ልጁ ሳይችል «ችያለሁ» ብሎ ሙሉ ቀን ይገባና በሦስተኛው ሳምንት መልሶ ይወድቃል። በዚህ ሥራ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ይኸው ነው።

የሰኞው አቀባበል አጭር ይሁን። ሱፐርቫይዘሩ ላይኑ ከመነሳቱ በፊት ለብቻው ያነጋግረው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «እንኳን ደህና መጣህ። ለጊዜው ሥራህ ይህ ነው፣ ሰዓትህ ይህ ነው። ሲከብድህ ለእኔ ወይም ለሲስተር ንገር።» ሰው ለሚጠይቀው ምን እንደሚባል ከልጁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ «ታሞ ነበር፣ ተሽሎት ተመልሷል» ይበቃል። «ጠንከር በል»፣ «ምን ጎደለህና ነው»፣ «እኛም እኮ እንጨነቃለን» አይባልም። ከሁሉ የከፋችው ግን በፍቅር የምትባለው ናት፦ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» በሰው ፊት። እሷ አንዴ ከተጀመረች ልጁ ካርቶን ስላለቀበት ቢቆጣ እንኳ «ዛሬ አልወሰደም» ይባላል።

የሠራተኛ ሕግ፦

ለፋይናንሳችሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86ን ይክፈቱ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ፣ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሕጉ ወባን ከድባቴ አይለይም፤ «ሕመም» ነው የሚለው።

የልጁ ደመወዝ 6,000 ብር ነው እንበል። ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው። ለመጀመሪያው 30 ቀን 6,000። ለቀሪው 19 ቀን፣ በ30 ስናካፍለው በቀን 200 ብር ይሆናልና፣ ግማሹ 100 ሲባዛ 1,900። ድምር 7,900 ብር። ከዓመት ፈቃዱ ቀናት ቀንሶ ማወራረድ አይቻልም። ብዙ ቦታ ይደረጋል፣ ግን የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ የተለያዩ መብቶች ናቸው።

ጠብ የሚነሳው ከደመወዙ ይልቅ ከሥራ በመቅረት ነው። አሠሪው ራሱ ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር ሠራተኛው በቀረበት ማግስት ማሳወቅ አለበት፣ ከታወቀ ጤና ተቋምም ማስረጃ ያቀርባል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ስልክ ማንሳት ራሱ የሚከብደው ነው። በሌላ በኩል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ሱፐርቫይዘሮች ይህን አንቀጽ በቃላቸው ያውቁታል፤ አንቀጽ 85ን ግን አያውቁትም። ስለዚህ በደንባችሁ ላይ «ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ቢደውል እንደ ማሳወቅ ይቆጠራል» የሚል መስመር ጨምሩ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊትም ነርሷ አንድ ጊዜ ትደውል። ስትደውል «ለምን ቀረህ» ሳይሆን «ደህና ነህ ወይ» ትበል።

የማሽኑን ጉዳይ በተመለከተ፣ የጤና ምርመራ የሌለበት «አላስቀምጠውም» መድልዎ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፣ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻችም ግዴታ ይጥልበታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ጥበቃው ያነበበው ወረቀት ነገ የክስ ማስረጃ ሊሆንባችሁ ይችላል።

ልጁን አሰናብታችሁ ቢሆን ኖሮ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚከስበት ጊዜ ሦስት ወር ነው። ይህን ለሠራተኛው ወገን ነው የምጽፈው፤ ሰው ታሞ ቤት ተኝቶ ቀኑ ያልፍበታል። ገላን ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ የአስተዳደር አቤቱታ የሚቀርበው እዚያው ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ቃሊቲ ላለ ድርጅት የሆነው ለእናንተ አይሠራም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የታመመው ሠራተኛው ሳይሆን እናቱ ወይም ወንድሙ ሲሆን፣ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ መውሰድ ይችላል። «አክስቴ ሞተች» ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ቤቱ ታሞ የሚታሰር ወንድም ይኖረው ይሆናል።

ፎርማን ቃሊቲ፦

ሁላችሁም የምትሉት ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ማሽን ላይ ነው የምውለው። ልጁ መድኃኒት ወስዶ ፈዞ እጁን ቢያስገባ ኃላፊው ማነው? ነርሷ ናት? ጠበቃው ነው? «አላስቀምጠውም» ያለው ሱፐርቫይዘር ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፣ ፈርቶ ነው።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ጋሼ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ፍርሃቱ መልስ የሚያገኘው ግን በሥራው ዝርዝር እንጂ በሰውየው ታሪክ አይደለም።

የሚፈሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የድባቴ መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትና መጠኑ ሲጨመር፤ ከተቀመጡበት ሲነሱም ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ ማታ ነው የሚወሰደው። ሌሊት ሺፍት የገባ ሰው ግን «ማታ» የሚባለውን ወደ ጠዋት ያዞረዋል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይተወዋል። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል፣ እንቅልፍ ከማምጣት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እረፍት ሊነሳ ይችላል። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በመካከሉ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆመው ብዙ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፐሪዶልና መሰሎቹ እጅን ሊያደርቁ፣ ሊያንቀጠቅጡ፣ ሰውየውን አንድ ቦታ መቆም ሊያቅተው ይችላል። ሱፐርቫይዘሩ «ሰነፈ» ወይም «ተቅበጠበጠ» ይለዋል፤ ነገሩ የመድኃኒቱ ነው፣ መጠኑን በማስተካከል ወይም ሌላ ኪኒን በመጨመር ይታከማል። ከእነዚሁ ውስጥ ክሎርፕሮማዚንና መሰሎቹ ሰውነት ሙቀትን የሚቆጣጠርበትን አቅም ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ጊዜ ምድጃው አጠገብ አይመደብ፣ ውኃ እንደልቡ ይጠጣ።

ከዚህ የሚወጣው ለእርስዎ ቀላል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካርቶን መገጣጠም፣ ቆጠራ፣ መለጠፊያ፣ ፓሌት መደርደር። ፎርክሊፍት፣ ከፍታና ሚክሰር የለም። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ እርስዎ ራስዎ ሥራውን አይተው፣ ነርሷ ደግሞ እንቅልፉንና መፍዘዙን ጠይቃ፣ ሁለታችሁ ፈርማችሁ ወደ ማሽኑ ይመለስ። መከለያው የተነሳ ማሽን ላይ ጤነኛውም እጁን ያጣል። ማሽኑ መከለያ ካለውና ድንገተኛ ማቆሚያው የሚሠራ ከሆነ የሚቀረው ስጋት የእንቅልፍ ነው፣ ያ ደግሞ ጫት ቅሞ ሌሊቱን ያደረውንም ይመለከታል።

በነገራችን ላይ የሚጥል በሽታ እዚህ አገር በእኛው ክሊኒክ ስለሚታይ ልንገራችሁ፦ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማስሸተት አይጠቅምም፣ ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል። ማሽኑን አቁሙ፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል። አይተላለፍም፣ ንኩት።

የማኅበር ሰው፦

ከሠራተኛው ወገን ሆኜ ልጨምር። አንድ ሰው ታሞ ተመለሰ ብላችሁ ስትጨነቁ፣ ሌሎቹን የሚያሳምመው ነገር ላይኑ ላይ እንዳለ ነው።

የአቴንዳንስ ቦነሳችሁን እዩት። በወር አንድ ቀን የቀረ ሙሉውን የሚያጣ ከሆነ፣ ከገላን ተነስቶ አማኑኤል ሆስፒታል ደርሶ ወረፋ ጠብቆ መድኃኒት ለመውሰድ ሙሉ ቀን የሚፈጅበት ሰው ቀጠሮውን ይዘላል። የሚዘለውም ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ነው፣ ልክ ሲሻለው። ድባቴ ሲሻል መድኃኒቱ ቢያንስ ለዘጠኝ ወር ገደማ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም፣ ሲስተር ታርመኝ። ማስረጃ ያለው የሕክምና ቀጠሮ ከቦነስ ቆጠራ ይውጣ፤ ለነፍሰ ጡሯም ለስኳር ታማሚውም ስለሚጠቅም ማንም «ለእብድ ብቻ» አይልም። ቅርብ ያለውንም ጠይቁ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፣ ጤና ጣቢያዎችም ለአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ሊኖራቸው ይችላል። ነርሷ አንድ ጠዋት ደውላ የትኛው ተቋም በየትኛው ቀን እንደሚያይና መድኃኒት እንዳለው ጽፋ ትያዝ። በየሦስት ወሩ ታድሰው፣ ይለዋወጣል።

ሁለተኛው ሺፍት ነው። በየሳምንቱ ከሌሊት ወደ ጠዋት የሚገለብጥ ሺፍት እንቅልፍ አይሰጥም። ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ለመቆም ይቃማል፣ ምርቃናውን ለማብረድ በጠዋት ጨብሲ ይገባል፣ ቀን አይተኛም። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ይሰድባል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ሺፍቱ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት በዚህ አቅጣጫ ይዙር። ከሌሊት በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እረፍት ይኑር። ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ሕጉ ራሱ ይገድባል፣ የበዓል ሰሞን ምርት ሲበዛ የሚጣሰው ይኸው ነው።

ሦስተኛው አፍ ነው። «እብድ»፣ «ለክፎት ነው»፣ «አማኑኤል ልላክህ?» ላይን ላይ ለታርጌት ማስፈራሪያ የሚውሉ ቃላት ናቸው። ሠራተኛው ለሠራተኛው ሲለው መገሠጽ ይበቃል። ላይን ሊደር ሲለው ግን በዲሲፕሊን ደንቡ ከስድብ እኩል ይቆጠር፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ከተቀጣ በኋላ ወሬው በሁለት ቀን ሁሉም ሺፍት ይደርሳል። ሰርቪሱ ላይ ስብከት አያስፈልግም። ልጁ የሚቀበለው ሰው ካለ እሱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ በሳምንት ውስጥ ይረሳል።

ጠበልንም አትናቁ። ብዙ ሰው ከሆስፒታል በፊት ጠበል ነው የሚሄደው፣ ከሄደም «ከጠበል ወይ ከመድኃኒት ምረጥ» የሚለውን ሰው አይሰማም። የዓመት ፈቃዱን ለሱባዔ ሲጠይቅ ስጡት። ነርሷ ግን ሁለት ነገር ትንገረው። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ጠበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው ከሆነ ወዲያው በፊት የዋጠው ኪኒን አብሮ ይወጣልና ሰዓቱን ያራርቀው። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ብዙ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊከማችና ሊመርዘው ስለሚችል ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። በጾምም ያው ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ይተዋል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ማታ እንዲሆኑ ሐኪሙ ሊያስተካክላቸው ይችላል፣ ካልተጠየቀ ግን አያውቅም።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ስለ ዘጠኝ ወሩ ልክ ነህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቀጥላል። ሲቆምም ቀስ እየተባለ እየተቀነሰ ነው።

ኦኤችኤስ (የሥራ ጤናና ደህንነት) ዱከም፦

ስለ መጠይቁ ማንም አልመለሰም። ባይደረግ ይሻላል፣ ምክንያቱን ልጻፍ።

ሥራ አስኪያጁ ያዩት ፒኤችኪው-9 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ላይ የሚያተኩሩ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል። መሣሪያው ጥሩ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። 380 ሰው ሞልቶ ዓርብ ከሰዓት ስትሰበስቡት ሃያው ያን ሳጥን ቢያመለክት፣ አንዲት ነርስ ያንኑ ዕለት ሃያ ሰው ታነጋግራለች? ካላነጋገረች ደግሞ ድርጅቱ እያወቀ ዝም አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሠራተኛው ወረቀቱ ወደ ኤችአር እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ሁሉንም «በፍጹም» ብሎ ይሞላል፣ እናንተም ፋብሪካችን ሰላም ነው ትላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሠራተኛን በጅምላ መመርመር ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ግልጽ ስላልሆነ አድርጉም አታድርጉም አላለም። ሱፐርቫይዘሮችን ማሠልጠንን ግን በጽኑ ይመክራል። ስለዚህ የቲሸርቱ ገንዘብ ወደዚያ ይሂድ። ላይን ሊደሮችን በስምንት በስምንት ከፍላችሁ ለግማሽ ቀን፣ ሥራ በማይበዛበት ቀን። ይዘቱ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ለውጥን ማስተዋል (ሰዓት አክባሪ የነበረው መዘግየቱ፣ ምሳ አለመብላቱ፣ ስሕተት መብዛቱ)፣ ለብቻ ጠርቶ መጠየቅና ማዳመጥ፣ ወደ ክሊኒኩ ማገናኘት። በሽታውን መገመት የእነሱ ሥራ አይደለም። ግማሹን ጊዜ በልምምድ አሳልፉት፣ አንዱ ሠራተኛ ሌላው ሱፐርቫይዘር ሆኖ። በስላይድ የተማረው ሰው ላይኑ ላይ ሲደርስ ያው «ጠንከር በል» ነው የሚለው።

የአእምሮ ጤና ቀኑ መስከረም 30 አካባቢ ነው። ማክበር ከፈለጋችሁ ታሞ የዳነ ወይም ሕመሙን ይዞ የሚሠራ ሰው ከውጭ ጋብዙ፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር ኢትዮጵያ የሚባል ማኅበር አለ። መገለልን በመቀነስ ረገድ የተሻለ ማስረጃ ያለው መንገድ ይህ ዓይነቱ ፊት ለፊት መገናኘት እንደሆነ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጽፏል። ሰኞ የሚመለሰውን ልጅ ግን መድረክ ላይ አታውጡት፣ እሱ ቢስማማም እንኳ ቢያንስ በዚህ ዓመት አይሁን። አለቃው የጠየቀው ሰው እምቢ ማለት አይችልም።

ገላን ኤችአር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖስታውን ዛሬ ጀምረናል፣ መጠይቁም ቀርቷል። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሌሊት ነርስ የለንም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንድ ሠራተኛ ለላይን ሊደሩ «ባልኖር ይሻለኛል» ቢለው ላይን ሊደሩ ምን ያድርግ?

የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ከላይኑ አውጥቶ ጸጥ ያለ ቦታ ይውሰደው፣ አብሮት ይቀመጥ። በቀጥታ ይጠይቀው፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሰው ይቀልለዋል። «አዎ» ካለ እንዴት እንዳሰበና መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። ዘዴ ካሰበ ወይም ዛሬ ነው ካለ ብቻውን አይተው፣ ሽንት ቤትም ቢሄድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይግባ። «ላንተ ደህንነት የሚያስፈልጉትን ሁለት ሰዎች እነግራለሁ፣ ለሌላ አይወጣም» ይበል። አይከራከር፣ ኃጢአት ነው አይበል፣ ስለ ልጆቹ አያስታውሰው።

ከዚያ ስልክ። የተረኛ ኃላፊው፣ ሠራተኛው የሚመርጠው የቤተሰብ ሰው፣ ከዚያ መኪና። አስቸኳይ ከሆነ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ካልደረሰ የድርጅቱ መኪና ከሁለት ሰው ጋር ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ሹፌሩ ብቻውን አይውሰደው። አንዳች ነገር ጠጥቻለሁ ካለ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።

ዛሬውኑ የምታደርጉት ደግሞ አለ። የጽዳትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች ሌሊት በቁልፍ ይሁኑ፣ ቁልፉ በተረኛ ኃላፊው ኪስ እንጂ ግድግዳ ላይ አይንጠልጠል። የተረኛ ኃላፊው፣ የነርሷና የሹፌሩ ስልክ፣ የቅርቡ ሆስፒታል ስምና 907 በአንድ ካርድ ተጽፎ በሦስቱም ሺፍት ላይን ሊደሮች መታወቂያ ጀርባ ይግባ። ሠራተኛው ማግስቱን ሲመለስ ሌሊት የተከሰተው በሺፍት መዝገቡ ላይ «ታሞ ሆስፒታል ሄዷል» ተብሎ ብቻ ይጻፍ፣ መዝገቡን የሚያነበው ብዙ ሰው ነው።